ሌንሴ ውሃ ያቆመችበት ሐሙስ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ልጅ፣ ስለ አንድ አህያ እና መንገድ ስለጠፋበት ውሃ ነው።

ልጅቷ ሌንሴ ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል።

አህያው አመዶ ይባላል። የእሱ ጥርሶች ሁሉም አሉ፤ ትዕግሥቱ ግን ትንሽ ነው።

የሌንሴ አባት ገመቹ ገበሬ ነው። ሽንኩርት፣ ድንችና በቆሎ ያመርታል።

እነ ሌንሴና ብዙዎቹ ጎረቤቶቻቸው ሜኖናይት የሚባሉ ክርስቲያኖች ናቸው። አብረው ይዘምራሉ፤ አብረው ያጭዳሉ፤ የአንዱ ቤት ጣሪያ ቢያፈስ ሁሉም መሰላል ተሸክሞ ይመጣል።

ደግሞም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እሑድ ቀን፣ እግር ይተጣጠባሉ።

አዎ፣ እግር። አንዱ ጎንበስ ብሎ የሌላውን እግር ያጥባል፤ ከዚያ የታጠበው ተነሥቶ ያጠበውን ያጥባል።

ኢየሱስ የወዳጆቹን እግር ስላጠበ ነው እንዲህ የሚያደርጉት። ሌንሴ ይህን ቀን ከበዓል ሁሉ አብልጣ ትወደዋለች።

አባቷ ሁልጊዜ የሚተጣጠበው ከጎረቤታቸው ከጋሽ ደበሌ ጋር ነው። የጋሽ ደበሌ ማሳ ከእነ ሌንሴ ማሳ ከፍ ብሎ ነው፤ ሸንኮራ አገዳ ሞልቶበታል።

ትንንሽ ልጆች ግን አይታጠቡም። «ስታድጊ፣ በራስሽ ፈቃድ ስትጠመቂ፣ ያኔ ትታጠቢያለሽ» ብላታለች እናቷ።

ሆኖም ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ጆግ ይዞ ለትልልቆቹ ውሃ ያፈሳል። ዘንድሮ ደግሞ ሌንሴ ስድስት ሞላት።

«እሑድ የማስታጥበው እኔ ነኝ» አለች ለእናቷ።

«እሑድ የማስታጥበው እኔ ነኝ» አለች ለአባቷ።

ለአመዶም ነገረችው። አመዶ አንድ ጆሮውን ብቻ አወዛወዘ።

ሐሙስ ቀን ሌንሴ እናቷን ለመነቻት። «እማዬ፣ ሳፋውን ስጪኝ፤ ልለማመድ።»

«ሳፋው ለእሑድ ነው» አለች እናቷ። ሰማያዊውን ሳፋ ፈትጋ አጥባ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች።

ሌንሴ እሺ አለች። እሺ ብላም ማሰቧን አልተወችም።

ከቤታቸው ጀርባ፣ በጋሽ ደበሌ ሸንኮራ ጥግ ጥጉን፣ አንድ ቦይ አለ። የወንዙ ውሃ በዚያ ቦይ አልፎ ወደ አባቷ ሽንኩርት ይወርዳል።

ውሃው በተራ ነው። ሐሙስ የአባቷ ተራ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ የጋሽ ደበሌ ተራ ነው።

ሌንሴ ወደ ቦዩ ሄደች። አንድ ድንጋይ አምጥታ ቦዩ ውስጥ አስቀመጠች። ኳ!

ሌላ ድንጋይ አመጣች። ኳ! ሌላም አመጣች። ኳ! ኳ!

በድንጋዮቹ መሃል ጭቃ ለጠፈች። ጠፍ! ጠፍ! ጠፍ!

ውሃው ቆመ። ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለና ትልቅ ሳፋ መሰለ።

ሌንሴ አመዶን በገመዱ እየሳበች አመጣችው። ቦጭ! ቦጭ! አመዶ ውሃው መሃል ገብቶ ቆመ።

«ግራ እግር፣ ቀኝ እግር፣ ፎጣ!» አለች ሌንሴ። ፎጣው የቀሚሷ ጫፍ ነበር፤ እንኳንም እናቷ አላየች።

አህያ አራት እግር ስላለው እንደገና መጀመር ነበረባት። «ግራ እግር፣ ቀኝ እግር፣ ፎጣ!»

ቀጥላ ገብስማዋን ዶሮ አቅፋ አመጣቻት። «ግራ እግር፣ ቀኝ…»

ቋ! ቋ! ቋ! ዶሮዋ ከእጇ አምልጣ ሸንኮራው ውስጥ ገባች።

ሌንሴ ከኋላዋ ሮጠች። ወዲያ ስትል፣ ወዲህ ስትል፣ እናቷ ለምሳ ጠራቻት።

ዶሮዋን አቅፋ፣ አመዶን ስባ ወደ ቤት ሄደች። ድንጋዮቹን ግን እዚያው ረሳቻቸው።

እናንተ አልረሳችኋቸውም አይደል?

ውሃም መሄድ አለበት። ፊት ለፊት መንገድ ሲያጣ በጎን በኩል ወጣና ቀስ ብሎ ወደ ጋሽ ደበሌ ሸንኮራ ገባ።

ታች ማሳው ላይ የሌንሴ አባት አካፋውን ይዞ ይጠብቃል። ውሃው አልመጣም።

ጥቂት ቆየ። አሁንም አልመጣም።

ሽንኩርቱ ጠውልጓል። ዛሬ ካልጠጣ እስከሚቀጥለው ሐሙስ ላይተርፍ ነው።

አባቷ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። የጋሽ ደበሌ ሸንኮራ ሥር ውሃ ተኝቶ በፀሐይ ያብለጨልጫል።

ደሙ ፈላ። ሃምሳ እርምጃ ወጥቶ ቦዩን ማየት ይችል ነበር፤ አልወጣም። ካለበት ሆኖ ጮኸ።

«ደበሌ፣ በእኔ ተራ ሸንኮራህን ታጠጣለህ?»

ጋሽ ደበሌ ከሸንኮራው መሃል ብቅ አሉ። «እኔ ውሃህን አልነካሁም።»

«አልነካሁም ትላለህ፤ ሸንኮራህ ግን ይኸው ይዋኛል።»

«ሌባ ነህ እያልከኝ ነው?»

የሌንሴ አባት «አይደለህም» ማለት ነበረበት። አላለም።

ጋሽ ደበሌ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱ መንገድ ላይ ተገናኙ። ሌንሴ ከአባቷ ኋላ ኋላ ትሄድ ነበር።

«እንዴት አደርክ» የለም። «ደህና አደርክ» የለም። ጋሽ ደበሌ ወደ ግራ አዩ፤ አባቷ ወደ ቀኝ አየ።

ሌንሴ ቤት ስትገባ እናቷን ጠየቀች። «እማዬ፣ አባዬና ጋሽ ደበሌ ለምን ሰላም አይባባሉም?»

«በውሃ ተጣልተዋል» አለች እናቷ። «አባትሽ ውሃዬን ወሰደብኝ ይላል፤ ጋሽ ደበሌ አልወሰድኩም ይላሉ።»

«ታዲያ እሑድስ?»

እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። «እኛ ዘንድ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ እግር አይተጣጠብም፣ ልጄ።»

ሌንሴ እየሮጠች ወደ አባቷ ሄደች። «አባዬ፣ እሑድ እንሄዳለን አይደል?»

አባቷ የአካፋውን ጭቃ መፋቅ ጀመረ።

«እሑድ እኮ የማስታጥበው እኔ ነኝ።»

አባቷ አካፋውን አገላብጦ መፋቁን ቀጠለ።

«አባዬ፣ እሑድ እኮ…»

«በቃ፣ ሌንሴ፤ አትነዝንዢኝ» አለ አባቷ ተቆጥቶ። «እሑድ የትም አልሄድም።»

ሌንሴ አመዶ አንገት ሥር ገብታ አለቀሰች። አመዶ እስክትጨርስ ድረስ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ቅዳሜ ጠዋት ገብስማዋ ዶሮ ጠፋች። ሌንሴ ልትፈልጋት ወደ ቦዩ ወረደች፤ ቦዩ ዳር መሬት ስትጭር አገኘቻት።

በጋሽ ደበሌ ተራ ውሃው ከላይ ስለሚዞር ቦዩ ደርቋል። መሃሉ ላይ ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሯል፤ ጭቃውም ላይ የትንሽ ልጅ ጣቶች ታትመዋል።

ሌንሴ ጣቶቿን በጭቃው ላይ ባሉት ጣቶች ላይ አሳረፈች። ልክክ አሉ።

ከድንጋዮቹ ጎን ውሃው የሄደበት መንገድ ይታያል። በዓይኗ ተከተለችው፤ ቀጥ ብሎ ጋሽ ደበሌ ሸንኮራ ውስጥ ገባ።

ልቧ መታ። ድው! ድው! ድው!

«ጋሽ ደበሌ ውሃ አልወሰዱም» አለች ቀስ ብላ። «ውሃውን ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

ቶሎ ብላ ድንጋዮቹን እያነሣች ወረወረቻቸው። ኳ! ኳ! ኳ! አንድም አላስቀረችም።

«በቃ፣ አሁን ይታረቃሉ» አለች። ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ጋሽ ደበሌ በላይ በኩል አለፉ፤ ወደ ታች አላዩም። አባቷ በታች በኩል ይኮተኩታል፤ ወደ ላይ አላየም።

ድንጋዩ ተነሥቷል። ኩርፊያው ግን እዚያው ነው።

እንግዲህ መናገር ሊኖርባት ነው። ብትናገር አባቷ ይቆጣ ይሆናል። ጆጉንም ለሌላ ልጅ ይሰጡት ይሆናል።

ባትናገርስ? ባትናገር አባቷና ጋሽ ደበሌ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ እንዳዩ ሊቀሩ ነው።

ሌንሴ ሽንኩርቱ መሃል ሄዳ ከአባቷ ፊት ቆመች። እጆቿ ጭቃ በጭቃ ናቸው።

«አባዬ፣ ውሃውን ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

አባቷ መኮትኮቱን አቆመ።

«የአመዶን እግር ላጥብ ብዬ ነው። በድንጋይ ገደብኩት፤ ከዚያ ረሳሁት። ጋሽ ደበሌ አልነኩትም።»

አባቷ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

ሌንሴ ቁጣውን ጠበቀች። ቁጣው ግን አልመጣም።

«አንቺ ድንጋይ ነው የደረደርሽው» አለ አባቷ። «እኔ ግን ሄጄ ሳላይ ንጹሕ ሰው በደልኩ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሌንሴ የአባቷን እንባ አይታ አታውቅም።

«ጋሽ ደበሌ ቤት እንሂድ?» አለች።

«እንሂድ» አለ አባቷ። ግን አልሄደም። መጀመሪያ እጁን ታጠበ።

«አሁን እንሂድ?»

«ቆይ፣ አመዶን ልሰረው።» አመዶን አሰረ።

«አሁን እንሂድ?»

«ቆይ፣ አካፋውን ላስገባ።» አካፋውን አስገባ።

«አሁንስ እንሂድ?»

አባቷ ዙሪያውን አየ። የሚታጠብ፣ የሚታሰር፣ የሚገባ ነገር ጠፋ።

«ፈራሁ እኮ፣ ሌንሴ» አለ።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች ሌንሴ። አንድ ጣቱን ያዘችና ሄዱ።

የጋሽ ደበሌ በር ቆርቆሮ ነው። ሌንሴ አንኳኳች። ኳ! ኳ!

ጋሽ ደበሌ ከፈቱ። «ግቡ» አላሉም፤ በሩን እንደያዙ ቆሙ።

«ደበሌ» አለ አባቷ። «ውሃዬን አልወሰድክም። ሳላይ ነው የተናገርኩህ። በድዬሃለሁ፣ ወንድሜ፤ ይቅር በለኝ።»

«ውሃውን የገደብኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ደበሌ» አለች ሌንሴ። «የአመዶን እግር ለማጠብ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ሌንሴ የአባቷን ጣት ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ አልዋጥ አለኝ» አሉ ጋሽ ደበሌ በመጨረሻ። «ሌላ ሰው ቢለኝ ግድ አልነበረኝም። አንተ ስለሆንክ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ አባቷ።

ጋሽ ደበሌ ጺማቸውን አሻሹ። «እኔም ደግ አልሠራሁም። ትናንት ሸንኮራዬ ጠጥቶ ውሃ ተረፈኝ፤ ሽንኩርትህ እየጠወለገ አይቼ ትርፉን ወደ ወንዙ መለስኩት። በእልህ ነው። አንተም ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ።»

«እኔም ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ ጋሽ ደበሌ። ከዚያ ሌንሴን ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ለመሆኑ አመዶ ታጠበ?»

«ታጠበ» አለች ሌንሴ። «ግን ወዲያው ጭቃ ውስጥ ገባ።»

ጋሽ ደበሌ ሳቁ። ትንሽ ሳቅ ነበረች፤ ለሌንሴ ግን በቃቻት።

«ዛሬ ተራው የእኔ ነው» አሉ ለአባቷ። «ሂድና አካፋህን ያዝ፤ ውሃውን ላንተ እለቀዋለሁ።»

አካፋው እንደገና ከቤት ወጣ። ሽ… ሽ… ሽ… ውሃው በቦዩ ወርዶ ሽንኩርቱ ሥር ገባ።

አባቷ እስኪመሽ አጠጣ። እሑድ ጠዋትም ገና በማለዳ ወርዶ የቀረችውን አንዲት መደብ አጠጣ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለማንም አትንገሩ። እግር በሚተጣጠቡበት እሑድ ሰው ሁሉ እግሩን ቤቱ አጥቦ ነው የሚመጣው። ቆሻሻ እግር ይዞ መምጣት ያሳፍራላ።

የሌንሴ አባት ግን ከማሳው በቀጥታ መጣ። በእግሩ ጣቶች መሃል የሽንኩርት መደብ ጭቃ ተሰክቷል።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል ተቀመጡ። ያለ ከበሮ፣ በድምፃቸው ብቻ፣ ቀስ ብለው ይዘምራሉ።

ሌንሴ ጆጉን በሁለት እጇ አቀፈች። ይከብዳል። ምላሷ በወለቁት ጥርሶቿ በኩል ብቅ አለ።

መጀመሪያ ጋሽ ደበሌ ጎንበስ አሉ። ሌንሴ ውሃውን አፈሰሰች። ቿ! ቿ!

«ግራ እግር፣ ቀኝ እግር፣ ፎጣ» አለች በሹክሹክታ። ጋሽ ደበሌ በአባቷ ጣቶች መሃል ያለውን ጭቃ አንድ በአንድ አወጡት።

የሌንሴ አባት አንገቱን ደፋ። «ደበሌ፣ ብዙ ጭቃ ነው» አለ።

«ጭቃ አውቃለሁ፤ ገበሬ ነኝ» አሉ ጋሽ ደበሌ።

ቀጥሎ አባቷ ጎንበስ አለ። ሌንሴ ውሃውን አፈሰሰች። ቿ! ቿ!

ጋሽ ደበሌ ግን ውስጥ እግራቸውን ሲነኳቸው ይኮረኩራቸዋል። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸውን ነከሱ።

ኪ! አሉ። ኪ ኪ! አሉ። ኪ ኪ ኪ ኪ!

አባቷም ሳቀ። ሌንሴም ሳቀች፤ ጆጉ ተንቀጠቀጠና ግማሹ ውሃ አባቷ ክንድ ላይ ፈሰሰ።

ማንም አልተቆጣም። በሴቶቹ በኩል እናቷ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ሁለቱ ሰዎች ተነሥተው ተቃቀፉ። ብዙ ቆዩ። ሌንሴ ባዶውን ጆግ ይዛ ከሥራቸው ቆመች፤ ደስታዋ መጠን አልነበረውም።

ማታ እራት ተበልቶ አለቀ። እናቷ ሌንሴን ልታስተኛ ስትል አባቷ ተነሣ።

«ዛሬ እግሯን እኔ ላጥባት» አለ። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አምጥቶ ከፊቷ ተንበረከከ።

«ልጆች እኮ አይታጠቡም» አለች ሌንሴ እያዛጋች።

«እዚያ ነው የማይታጠቡት። ይኼ ቤታችን ነው።»

ግራ እግሯን ያዘ። እጁ ሻካራ ነው፤ አያያዙ ግን ቀስ ያለ ነው።

«ሌንሴ» አለ አባቷ። «ዓርብ ዕለት ተቆጣሁሽ። ያኔ የተናደድኩት በሌላ ነገር ነበር፤ ባንቺ ላይ ተወጣሁት። ይቅር በይኝ።»

ሌንሴ ዓይኖቿን ከፈተች። ትልቅ ሰው ትንሽ ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምታ አታውቅም።

«አለቀስኩ እኮ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ብዙ ነው ያለቀስኩት። አመዶ አይቶኛል።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ይቅር በይኝ።»

ሌንሴ ትንሽ አሰበች።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችና ቀኝ እግሯን ዘርግታ ሰጠችው።

አባቷ ቀኝ እግሯንም አጠበ። ፎጣውን ሳያነሣ ሌንሴን እንቅልፍ ወስዷት ነበር።